ሞኩን ማሽን ይሠራዋል፤ ጠባዩን ማን ይሰጠዋል?

(ለሶፍትዌር ሠሪዎች ከቀረበ የምሽት ንግግር የተዘጋጀ)

እንደምን አመሻችሁ። አብዛኞቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

የዛሬው ወሬያችን ስለ ሞክ ነው። ዩኒት ቴስት ስንጽፍ፣ የፕሮግራሙን አንድ ቁራጭ ለብቻው የሚፈትን ኮድ ማለት ነው፣ በእውነተኛው አካል ቦታ ስለምናስቀምጠው ተተኪ። ሞክ ማምረት ዛሬ ከባድ ሥራ አይደለም። አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፣ ቀሪውን መሣሪያው ይጨርሰዋል። የኤአይ ረዳቶች ከመጡ ወዲህ ደግሞ ያቺን አንድ መስመር እንኳ በእጁ የማይጽፍ ሰው ሞልቷል። እኔ የምከራከረው ስለ አንድ ነገር ነው። ማሽኑ የሚያመርትልን የሞኩን መልክ ብቻ ነው። ጠባዩ የሚመጣው ከኛ ግምት ነው። ግምታችን ከተሳሳተ ቴስቱ ስህተታችንን አረንጓዴ ቀብቶ፣ አልፏል ብሎ ማለት ነው፣ ይመልስልናል።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። የቤት ኪራይ የሚሰበስብ ፕሮግራም አለን እንበል። ወር ሲገባ የተከራዩን ሂሳብ ያወጣል። ለአንድ የክፍያ አገልግሎት "ከዚህ ስልክ ይህን ያህል ገንዘብ ጠይቅልኝ" ብሎ ይልካል። ክፍያው ሲገባ ዳታቤዝ ላይ ይመዘግብና ለተከራዩ ኤስኤምኤስ ይልካል። መፈተን የምንፈልገው የሂሳቡን ሎጂክ ነው። ሎጂኩ ግን ብቻውን አይቆምም። ሰዓት ይፈልጋል፣ ክፍያ ይፈልጋል፣ ኤስኤምኤስ ይፈልጋል፣ ዳታቤዝ ይፈልጋል።

እውነተኛዎቹን ብንጠቀምስ? ቴስቱ ራን በተደረገ ቁጥር የሆነ ሰው ስልክ ላይ "ኪራይዎ ተከፍሏል" የሚል መልእክት ይገባል። ኔትወርክ ሲቆረጥ ኮዱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቴስቱ ይወድቃል። የክፍያው የሙከራ ሰርቨር እሁድ ጠፍቶ ከዋለ የኛም ሥራ አብሮ ይቆማል። ጳጉሜ ላይ ምን እንደሚፈጠር ለማየት ደግሞ ጳጉሜ እስክትመጣ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ተተኪ እናስገባለን። እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም።

አሁን ትንሽ ታሪክ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ወደ ራሳችን አቆጣጠር ኋላ እንመጣለን፤ እዚያ ጣጣ አለ።

ሞክ ኦብጀክት የሚባለው አሠራር በጽሑፍ የቀረበው በ2000 ነው። ቲም ማኪነን፣ ስቲቭ ፍሪማን እና ፊሊፕ ክሬግ ጣሊያን ውስጥ ሰርዲንያ ላይ በተካሄደ የኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ ጉባኤ አቀረቡት። ሐሳቡ የበሰለው ለንደን ነው። አንድ ነገር አስቸግሯቸው ነበር። አንድን ክላስ (ዳታና ሥራ አንድ ላይ የያዘ የኮድ ክፍል) ለመፈተን ሲባል ብቻ የሆዱን ሁሉ በጌተር፣ የውስጡን ዋጋ ለውጭ በሚያሳይ ተግባር፣ አውጥቶ ማሳየት አልወደዱም። ጌተር ሳንጨምር እንዴት እንፈትነው? መልሱን ያገኙት ከጎረቤቶቹ ነው። ክላሱ የሚያነጋግራቸውን አካላት በተተኪ ቀይሩና ምን እንደጠየቃቸው አዳምጡ። ሞክ የተወለደው ንግግር ለማድመጥ ነው ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

መጀመሪያ ላይ ሞክ በእጅ ነበር የሚጻፈው። ለእያንዳንዱ ኢንተርፌስ (ምን ምን ጥሪ እንደሚቻል ለሚዘረዝር ውል) አንድ ክላስ፣ በውስጡ ስንቴ እንደተጠራ የሚቆጥር ቁጥር፣ የሚመልሰው ዋጋ፣ በመጨረሻም ማረጋገጫ። አሰልቺ ነው። በዚያው በ2000 የወጣው የጃቫ ቋንቋ 1.3 እትም ግን ዳይናሚክ ፕሮክሲ የሚባል ነገር ይዞ መጣ። ኢንተርፌስ ትሰጡታላችሁ፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ያንን ኢንተርፌስ የሚያሟላ ክላስ እዚያው ሜሞሪ ላይ ይፈጥራል። ጥሪዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ወደ አንድ ቦታ ይልካል። ታሞ ፍሪዘ በ2001 ኢዚሞክ የሚባለውን ሞክ አምራች የሠራው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው። ከዚያ ወዲህ በእጅ መጻፍ ቀስ በቀስ ቀረ።

የኢዚሞክ አሠራር ቴፕ መቅጃ ይመስላል። መጀመሪያ የሚጠበቁትን ጥሪዎች ትቀዳላችሁ፣ ከዚያ "አጫውት" ትሉታላችሁ። በዚህ የተማረሩት እነ ሽቼፓን ፋበር ሞኪቶን አመጡ። ሞኪቶ መቅዳቱን ጣለው። የሚፈለገውን መልስ ቀድመህ ትሰጠዋለህ፣ ማረጋገጥ የምትፈልገውን ደግሞ መጨረሻ ላይ ትጠይቀዋለህ። የጃቫ ሰው ዛሬ ሞክ ሲል በአብዛኛው ሞኪቶን ማለቱ ነው።

ከሥር ያለውን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል፤ የስህተት መልእክቶቹ የሚገቡን ያኔ ነው። ዳይናሚክ ፕሮክሲ የሚሠራው ለኢንተርፌስ ብቻ ነው። ክላስን ሞክ ለማድረግ ሌላ ዘዴ አስፈለገ። መሣሪያው ከክላሱ የሚወርስ ልጅ ክላስ በባይትኮድ፣ ጃቫ በሚያስኬደው የተተረጎመ ኮድ፣ ይጽፍና ሜተዶቹን፣ የክላሱን ተግባራት ማለት ነው፣ በራሱ ይተካቸዋል። ሞኪቶ ከ2016 ጀምሮ ይህን የሚያሠራው ባይት በዲ በሚባል መሣሪያ ነው። እንግዲህ ልጅ መውለድ የተከለከለ ክላስ፣ ፋይናል የተባለው ማለቴ ነው፣ በዚህ መንገድ ሞክ አይሆንም። ስታቲክ ሜተድም፣ በክላሱ ስም በቀጥታ የሚጠራው፣ እንደዚሁ። ስለዚህ ሌላ መንገድ ተጨመረ። ልጅ ከመፍጠር ይልቅ የራሱን የክላሱን ባይትኮድ እዚያው መቀየር። በ2023 የወጣው ሞኪቶ 5 ይህንን ነባሪ አሠራር አደረገው። ዛሬ ፋይናሉንም ስታቲኩንም ሞክ ማድረግ ይቻላል። ይቻላል ማለት ይሻላል ማለት አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

ጎ በሚባለው ቋንቋ ነገሩ ሌላ ነው። ጎ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ሜተድ ያለው አዲስ ታይፕ (የዳታ ዓይነት) መፍጠር አይፈቅድም። ስለዚህ ሞክጄን የሚባለው መሣሪያ ኢንተርፌሱን አንብቦ እውነተኛ የጎ ፋይል ይጽፍላችኋል። ሞክጄን የሚገኝበትን ጎሞክን ጉግል ነበር የሚንከባከበው፤ በ2023 ማኅደሩን ዘጋውና ዛሬ በኡበር እጅ ያለው ቅጂ ነው የሚሠራበት። ለሲ ቋንቋ ደግሞ ሲሞክ አለ፣ የተግባራቱ ዝርዝር ካለበት ከሄደር ፋይሉ ተነስቶ ያመርታል። የዚህን መንገድ አንድ ነገር እወድለታለሁ። የተመረተው ኮድ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ከፍታችሁ ታነቡታላችሁ። ኢንተርፌሱ ላይ ሜተድ ጨምራችሁ ሞኩን እንደገና ካላመረታችሁ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር አያሳልፋችሁም።

ፓይተን በተቃራኒው ጫፍ ነው። ከ2012 ጀምሮ፣ ከፓይተን 3.3 ማለት ነው፣ ሞክ ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣል። የፓይተን ሞክ ደግ ነው፤ ከልክ በላይ ደግ። ምንም ብትጠይቁት "አለኝ" ይላል። የሌለ ሜተድ ብትጠሩ ይመልስላችኋል። ስም አሳስታችሁ ብትጠሩ አሁንም ይመልስላችኋል። በዚህ የተነሳ ለዓመታት ብዙ ቴስት ምንም ሳይፈትን ሲያልፍ ኖሯል። "አንድ ጊዜ መጠራቱን አረጋግጥ" የሚለው አጭር ስም ከ3.6 በፊት በፓይተን ውስጥ አልነበረም። ሰው ግን አለ ብሎ ይጽፈው ነበር። ሞኩም እንደ ልማዱ እሺ ብሎ አዲስ ሞክ ይመልስ ነበር፣ ቴስቱም ያልፍ ነበር። ኋላ ላይ የፓይተን ሰዎች "አሰርት" በሚለው ቃል የሚጀምር የማይታወቅ ስም ሲመጣ ስህተት እንዲነሳ አደረጉ። ይህም አልበቃም፤ ቃሉን ሰዎች አሳስተው የሚጽፉባቸውን መንገዶች ሳይቀር ዘርዝረው አስገቡ። መድኃኒቱ ኦቶስፔክ ነው። ሞኩን ከእውነተኛው ክላስ መልክ አንስተው ይሥሩት፣ እዚያ የሌለ ነገር ሲጠራ ይጮሃል። ፓይተን የምትጽፉ ከዛሬው ንግግር ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

እሺ፣ ወደ ዋናው ነገር። ኦቶስፔኩም ሞክጄኑም ሞኪቶውም የሚያዩት ሲግኔቸሩን ነው። የሜተዱን ስም፣ የሚቀበለውን፣ የሚመልሰውን። ማሳ ላይ የቆመ ማስፈራሪያ የገበሬውን ኮትና ባርኔጣ ለብሷል፤ እርሻ ግን አያውቅም። ወፍ ለማባረር ይበቃል። የሚያሳስበኝ ግብርና ልንጠይቀው ስንነሳ ነው።

የክፍያ አገልግሎታችንን እንየው። ሜተዱ የስልክ ቁጥርና መጠን ይቀበላል። መጠኑ ሙሉ ቁጥር ነው። ሞክ አመረትን፤ "5000 ሲጠየቅ ተሳክቷል በል" አልነው። ቴስቱ አለፈ። አሁን ጥያቄ፦ 5000 ምን? ብር ነው ሳንቲም? እውነተኛው አገልግሎት መጠኑን በሳንቲም የሚቀበል ከሆነ አምስት ሺህ ብር የጠየቅን መስሎን ሃምሳ ብር ጠይቀናል። ሞኩ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ለሱ ቁጥር ቁጥር ነው።

የዚህ ዓይነቱ ነገር ትልቁ ምሳሌ ማርስ ላይ ነው ያለው። በመስከረም 1999 ናሳ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችውን መንኩራኩር ያጣው በአሃድ ልዩነት ነው። ምድር ላይ ያለው አንዱ ሶፍትዌር የሞተሩን ግፊት ያወጣው በእንግሊዝ አሃድ፣ በፓውንድ ሰከንድ ነበር። ተቀባዩ ወገን ደግሞ ኒውተን ሰከንድ ነው ብሎ አነበበው። መንኩራኩሯ ከታሰበው በታች ዝቅ ብላ የማርስ አየር ውስጥ ገብታ ጠፋች። ጥፋቱ የሞክ ነበር እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ልብ በሉ፣ በሁለቱ መካከል የተላለፈው ቁጥር በመልኩ ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ሲግኔቸሩን ብቻ የሚያይ ማናቸውም መሣሪያ ያሳልፈዋል።

ሌላም አለ። እውነተኛ የክፍያ አገልግሎት ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ መልሱን ሳይልክ ሊቆረጥ ይችላል። ኤችቲቲፒው 200፣ እሺ ማለት ነው፣ ብሎ ውስጡ "አልተሳካም" ሊል ይችላል። የማረጋገጫውን መልእክት ሁለት ጊዜ ሊልክ ይችላል። የስልክ ቁጥሩን በ09 ስትልኩለት በ251 ካልሆነ አልቀበልም ሊል ይችላል። የኛ ሞክ እነዚህን አያደርግም። ለምን? እኛ ስላላሰብናቸው። ብናስባቸው ኖሮ ኮዱ ላይም እናስባቸው ነበር። በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የጎደለው ነገር ኮዱም ላይ ቴስቱም ላይ እኩል ይጎድላል።

ዝም ብሎ የሚመለሰውም ነገር አደጋ አለው። ሞኪቶ ምን እንደሚመልስ ካልነገራችሁት ቁጥር ከሆነ ዜሮ፣ ሊስት ከሆነ ባዶ ሊስት፣ አዎ ወይም አይ ከሆነ አይ ብሎ ይመልሳል። "ይህ ተከራይ ታግዷል ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ መስመር ኮዱ ውስጥ ካለ ሞኩ "አይ" ይላል። ይህን የወሰነ ሰው ግን የለም።

መፍትሔው ሞክ መተው ነው? አይደለም። እነ ፍሪማን በ2004 በሌላ ጽሑፍ ላይ ያስቀመጡት መመሪያ አለ፤ የራሳችሁ የሆነውን ታይፕ ብቻ ሞክ አድርጉ የሚል። እኔ ሥራ ላይ የማየው ይህ ደንብ ሲነበብ እንጂ ሲተገበር አይደለም። በተግባር እንዲህ ነው። የክፍያ አገልግሎቱን ኤስዲኬ፣ አገልግሎቱ የሚሰጣችሁን ዝግጁ ኮድ ማለት ነው፣ በቀጥታ ሞክ አታድርጉት። በመሃል የራሳችሁን ቀጭን ኢንተርፌስ አስገቡ። ስሙ "ኪራይ ጠያቂ" ይሁን። የሚቀበለው ጥሬ ቁጥር ሳይሆን ገንዘብ የሚባል የራሳችሁ ታይፕ ይሁን፤ ብር ይሁን ሳንቲም በራሱ የሚያውቅ። የሚመልሰው ከሦስት አንዱን፦ ተከፍሏል፣ አልተከፈለም፣ አልታወቀም። ሦስተኛዋን አትርሱ፤ ጉዱ ያለው እሷ ውስጥ ነው። አሁን የሂሳቡን ሎጂክ ስትፈትኑ ይህን ኢንተርፌስ እንዳሻችሁ ሞክ አድርጉ። ከኤስዲኬው ጋር የሚነጋገረውን አስማሚ ክላስ ግን ከእውነተኛው የሙከራ ሰርቨር ጋር ፈትኑት። ቀስ ይላል፣ አንዳንዴም ይወድቃል። ይሁን። ብርና ሳንቲሙ የሚያዘው እዚያ ነው።

ማድመጥ ያልኩትን ያዛችሁልኝ? ሞክ የተሠራው ጥሪን ለማረጋገጥ ነው። ሰው ግን አንዴ ከለመደው ሁሉንም ጥሪ ያረጋግጣል። ዳታቤዙ አንድ ጊዜ ተጠይቋል፣ ከዚያ ሰዓቱ ተጠይቋል፣ ከዚያ ሎገሩ፣ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግበው፣ ተጠርቷል። ይህ ቴስት ሳይሆን የኮዱ ፎቶ ኮፒ ነው። አንድ መስመር ከላይ ወደ ታች ስታወርዱ ምንም ሳይበላሽ ቴስቱ ሁሉ ቀይ ይሆናል፣ ይወድቃል። ከዚያ ሰው ቴስት ይጠላል፤ አይፈረድበትም። መለያው ቀላል ነው። ጥያቄ ከሆነ፣ "ቀሪ ዕዳው ስንት ነው?" ዓይነት፣ መልሱን ስጡት እንጂ መጠየቁን አታረጋግጡ። ትእዛዝ ከሆነ፣ "ኤስኤምኤስ ላክ"፣ "ገንዘብ ጠይቅ" ዓይነት፣ ያኔ አረጋግጡ። ከተከራይ ላይ ሁለት ጊዜ ገንዘብ አለመጠየቁ የኮዱ ውጤት ራሱ ነውና።

ጄራርድ ሜስዛሮስ በ2007 ተተኪዎቹን ዳሚ፣ ስታብ፣ ስፓይ፣ ሞክ እና ፌክ ብሎ ለያይቷቸዋል። ስሞቹን መሸምደድ አያስፈልግም። ፌክን ግን ለብቻው ላንሳው፤ ብዙ ጊዜ ሞክ ከማምረት እሱ ይሻላል። ፌክ በትንሹ በእውነት የሚሠራ ተተኪ ነው። ዳታ በሜሞሪ የሚይዝ ማከማቻ፣ እኛ ያልነውን ሰዓት የሚናገር ሰዓት።

ሰዓት ላይ ደረስን፤ ጳጉሜም እዚህ ናት። የኪራይ ፕሮግራማችን ወር የሚቆጥረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ደንቡ ጳጉሜ የራሷ ኪራይ የላትም የሚል ይሁን። ኮዱ ውስጥ "አሁን ስንት ነው?" ብሎ ሲስተሙን በቀጥታ የሚጠይቅ መስመር ካለ ይህን ደንብ መፈተን አይቻልም። ስታቲክ ስለሆነ በአዲሱ ሞኪቶ በግድ ሞክ ሊደረግ ይችላል። አታድርጉት። ጃቫ ከ2014 ጀምሮ፣ ከጃቫ 8 ማለት ነው፣ ክሎክ የሚባል ክላስ አለው፤ በአንድ ቅጽበት ላይ ተቸንክሮ የሚቆም ሰዓትም አብሮ ይሰጣል። እሱን በኮንስትራክተር፣ ክላሱ ሲፈጠር በሚጠራው ኮድ፣ አስገቡት። የሚመረት ሞክ አያስፈልግም።

ከዚያ በየትኛው ቅጽበት እንቸንክረው? እዚህ ላይ ነው አገሩን ማወቅ የሚያስፈልገው። በራሳችን አቆጣጠር ጳጉሜ 2015 ስድስት ቀን ነበራት። በዚህ ምክንያት የ2016 መስከረም 1 የዋለው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ነው፣ በ2023። ሴፕቴምበር 11ን ኮድ ውስጥ በቁጥር የጻፈ ሰው ያን ዓመት አዲስ ዓመትን አንድ ቀን አስቀድሟል። ቀጣዩ ጳጉሜ 6 በ2019 ነው። ሰርቨሩ ደግሞ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ የሚሠራ ከሆነ ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ በዩቲሲ 22 ሰዓት ላይ ቸንክሩት። ሰርቨሩ ገና ጳጉሜ 6 ላይ ነው። አዲስ አበባ ግን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል፣ መስከረም 1 ገብቷል። ኪራይ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም? ይህን አንድ ቴስት የትኛውም ሞክ አምራች አይጽፍላችሁም። ማንን መጠየቅ እንዳለባችሁም ልንገራችሁ፤ ፕሮግራመሩን ሳይሆን አከራዩን።

ስለ ኤአይ ረዳቶቹ በአጭሩ። ቴስት ጻፍልኝ ስትሉት ኮዱን ያነብና ኮዱ የሚፈልገውን መልስ የሚሰጥ ሞክ ያዘጋጃል። ኮዱ ስህተት ከሆነ ሞኩም ከስህተቱ ጋር ይስማማል። ፈጣን ነው፣ ጽሑፉም ያምራል። ስለዚህ ከመቀበላችሁ በፊት ኮዱን ሆን ብላችሁ አበላሹት። መደመሩን መቀነስ አድርጉት፣ ኤስኤምኤስ የሚልከውን መስመር አጥፉት። ቴስቱ አሁንም አረንጓዴ ከሆነ ሲፈትን የነበረው ሞኩን ነው። ይህን በራሱ የሚያደርግ መሣሪያም አለ፤ ለጃቫ ፒት ይባላል። ኮዱን በጥቂት በጥቂቱ እያበላሸ የትኛው ጉዳት ሳይታይ እንዳለፈ ይዘረዝርላችኋል። መጀመሪያ ስታዩት ዝርዝሩ ያስደነግጣል።

ከተሳታፊዎች የመጡ ሁለት ጥያቄዎችን ልጨምር።

አንዷ እህታችን የጠየቀችው ስለ አሮጌ ኮድ ነው። ሁሉም ነገር ስታቲክ ነው፣ ሁሉም ክላስ የሚፈልገውን ከውጭ ከመቀበል ይልቅ ራሱ ኒው በሚለው ትእዛዝ ይፈጥራል፣ ከየት ልጀምር አለች። ከሰዓቱ ጀምሪ አልኳት። ብዙ ቦታ ተበትኖ ይገኛል፣ ለማውጣት ግን የሚቀለው እሱ ነው፣ ማንንም አያስቆጣም። ከዚያ ኤስኤምኤሱን፣ ከዚያ ክፍያውን። ስታቲኩን ሞክ ማድረግ ለጊዜው መሸጋገሪያ ይሆናል፤ መጀመሪያ ያለውን ጠባይ በቴስት ያዢና ከዚያ ኮዱን ፍቺ። ከፈታሽው በኋላ ግን ያንን ሞክ አጥፊው፤ ካልጠፋ እዚያው ይኖራል።

ሁለተኛው ወንድማችን ዳታቤዙንስ አለኝ። ዳታቤዙን ሞክ አታድርግ ነው መልሴ። ለዳታቤዝ የሚጻፈው የኤስኪውኤል ጥያቄ ትክክል መሆኑን ሊነግርህ የሚችለው ዳታቤዙ ራሱ ብቻ ነው። ፕሮዳክሽን (ደንበኛው የሚጠቀምበት ሲስተም) ላይ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ከሆነ ቴስቱም ላይ ፖስትግሬስ ይሁን፤ በኮንቴይነር፣ ለብቻው በተከለለ ጊዜያዊ ሳጥን፣ አስነስተህ ስትጨርስ ታጠፋዋለህ፣ ቴስትኮንቴይነርስ የሚባለው መሣሪያ ይህን ያቀልልሃል። ኢንተርኔቱ ደካማ ከሆነ ኮንቴይነሩ የሚነሳበትን ኢሜጅ አንዴ አውርደህ ቢሮ ውስጥ ባለ ማሽን ላይ አስቀምጠው፣ ሁሉም ከዚያ ይሳብ። እነዚህን ቀስ የሚሉትን ቴስቶች ደግሞ በእያንዳንዱ ኮሚት ላይ፣ የኮድ ለውጥ በተመዘገበ ቁጥር ማለት ነው፣ ማስኬድ ግዴታ አይደለም። ማታ ማታ ይሂዱ፤ ጠዋት ቡና ስትጠጣ ውጤቱን ታየዋለህ።